ኹምራና ቤንዚን

ባለፈው ሰሞን እዚህ አሶሳ፣ ከገበያው ማዶ ካለው መታጠፊያ ላይ ቆሜ ወደ ቤት የሚወስደኝ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ሙሽራ የያዘች አንዲት ባጃጅ ነዳጅ ጨርሳ አጠገቤ ቆመች። ሾፌሩ፣ ዕድሜ ለዘንድሮ ወረፋ፣ ከመቀመጫው ሥር በውሃ ላስቲክ የተቀዳ ቤንዚን አውጥቶ መገልበጥ ጀመረ። ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ ኹምራ ተቀብታለች። ኹምራ የማታውቁ ካላችሁ፣ የበርታ ሴቶች ከሱዳን በሚመጣ ቅመምና ዘይት አዋህደው ለሙሽራ የሚያዘጋጁት ሽቶ ነው፤ መንገድ ተሻግሮ ሰው ይጣራል። ሁለቱ ሽታዎች በአንድ ነፋስ መጥተው አፍንጫዬ ላይ ሲገናኙ ባጃጅ መጠበቄን ተውኩ። ከአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ባለሱቁ «አባባ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?» ብሎ ውሃ አመጣልኝ። «አይ ልጄ፣ ከድሮ ጀምሮ ያልለቀቀኝ ፍርሃት ነው» ብዬ ብነግረው የሚገባው አልመሰለኝም። ስኳር ነው አልኩና ውሃዬን ጠጣሁ።

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። ፍርሃቴ ከወሎ አብሮን ተጭኖ የመጣ ዕቃ ነው። መጀመሪያ ድርቁን ፈራን፤ ከዚያ የጫነንን መኪና ፈራን፤ እዚህ ስንደርስ ደግሞ ወባውን፣ ዶፉን፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀርከሃውን ሲያንኳኳ የሚያድረውን ነፋስ ፈራን። እሱን ሁሉ ለምደን፣ ጎጆ ቀልሰን፣ በቆሎና ማሽላ መሸጥ ስንጀምር ጊዜው ተለወጠና ክልል የሚባል አዲስ ቃል መጣ። ያኔ ደግሞ ውጡ የሚል ወረቀት ፈራን። «ሰፋሪ ወደመጣበት ሊመለስ ነው» የሚል ወሬ በየሳምንቱ ከገበያ ከጨው ጋር ተሸምቶ ይገባል። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ የማይታወቅ መሆኑ ነበር የባሰው። አባቴ በዚያ ሁሉ መሐል አንድ ምክር ብቻ ነበራቸው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ይሉ ነበር። እኛ ልጆቻቸው አፋችንን ዘግተን አደግን።

አሶሳ ያኔ ከተማ ለመሆን ቀጠሮ የያዘች መንደር ነበረች። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ማንጎ ዋጋ የለውም፤ ከዛፉ ሥር የወደቀውን ፍየል ትበላዋለች፣ ከፍየል የተረፈውን እኛ። በድንበሯ ከተማ በኩርሙክ በኩል ስኳር፣ ሳሙና፣ ሽቶና ካሴት ይገባል፤ ከየሱቁ የሱዳን ዘፈን ይሰማል፤ ትርጉሙን የማናውቀው ሁሉ ሳይቀር አብረን እንዘፍናለን። የበርታ ሴቶች ዐይን የሚይዝ ቀለም ያለው ቶብ ለብሰው ሲያልፉ መንገዱ ያምርበታል፤ ሽማግሌዎቹ ነጭ ጀላቢያ ለባሽ ናቸው። እኛ ሰፋሪዎች ደግሞ ከዕርዳታ የተረፈ የፈረንጅ ኮት በዚያ ሙቀት ለብሰን እንቀቀላለን፤ ኮት ማውለቅ ድህነት ይመስለን ነበር። የአዳዲሶቹ ቢሮዎች ቀለም ገና አልደረቀም፤ ግድግዳቸውን ተደግፎ ጉዳዩን የጠበቀ ሰው ጀርባው ሰማያዊ ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። የእኔ ጋራዥ ከመስጊዱ ጀርባ የነበረው ትልቁ ማንጎ ነበር። ግድግዳ የለው፣ ጣራ የለው፤ ጥላና አንድ ሣጥን መፍቻ ብቻ። ዛሬ በቦታው ሦስት ፎቅ ቆሟል፤ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ ቅርንጫፎቹን እፈልጋለሁ።

ወደዚያ ማንጎ ሥር ነበር ኡስታዝ ሐሚድ ዓሩሳን ይዞ የመጣው። ኡስታዝ ሐሚድ የበርታ ሰው ነው፤ ብዙ ዓመት ሱዳን ኖሮ፣ እዚያም አስተምሮ፣ ከአዲሱ መንግሥት ጋር ተመልሶ የአንዱ ቢሮ ኃላፊ የሆነ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከአፉ ሲጋራ የማይጠፋ፤ ከሳፋሪ ኮቱ ሥር ሽጉጡ ጉብ ብሎ ይታያል። አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ ስለ ሰፋሪው መሬት ሲጠየቅ «እናያለን» ብሎ ዝም ብሎ ነበር። ይቺ «እናያለን» እኛ ሠፈር ስንት ቤት እንቅልፍ እንደነሣች እሱ አያውቅም። ዓሩሳ ደግሞ መኪናው ናት። ቀይ፣ ባለሁለት በር፣ ለእሽቅድምድም ተሠርታ በስህተት ወደ እኛ አገር የመጣች አሮጌ የጣሊያን መኪና። ከሱዳኗ ደማዚን ራሱ እየነዳ በኩርሙክ ያስገባት ጊዜ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ነው ያያት። ስሟን ያወጡት የገበያ ሴቶች ናቸው፤ በዐረብኛ ሙሽራ ማለት ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ያለች ስለሆነች ድንጋይ ባየች ቁጥር ሆዷን ታስመታለች።

«ሰይድ፣ መኪናው ይሞታል» አለኝ ሲጋራውን ሳያወርድ። «ጠዋት ደህና። ከዚያ ይስላል። ከዚያ ኻላስ።»

እንዳለውም ነበር። ጠዋት ደህና ትነሣለች። ግማሽ ሰዓት ከሄደች በኋላ ሞተሩ ሲግል ሳል ይጀምራታል፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ቀጥ ትላለች። ስትቀዘቅዝ ትነሣለች። ከተማው የየራሱን ምርመራ ጨርሷል፤ ግማሹ ጂን ነው ይላል፣ ግማሹ የቆላ ሙቀት ነው ይላል። ኡስታዝ ራሱ እርጥብ ጨርቅ በፓምፑ ላይ ጠምጥሞ መንዳት ለምዶ ነበር፤ ጨርቁ ሲያርፍባት ትነሣለችና ሁሉም ሙቀት ነው ብሎ አመነ። እኔ መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ፈትቼ አየሁ፤ እሳት አላቸው። እሳቱን የሚልከውን ቦቢና አየሁ፤ ደህና ነው። ቀረችኝ የቤንዚን ፓምፗ። ለማያውቅ ልንገር፦ ከኋላ ታንኩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ስባ ከአየር ጋር ወደሚቀላቅለው ካርቡራተር የምትገፋ፣ ጡጫ የምታህል ብረት ናት። በውስጧ ዲያፍራም የሚባል ስስ ሽፋን አለ፤ እሱ ከፍ ዝቅ እያለ ይስባል፣ ይገፋል። ወደ ካርቡራተሩ የሚገባውን ቱቦ ነቀልኩና ከሥሩ የሻይ ብርጭቆ ይዤ «ኡስታዝ፣ ቁልፉን ያዙሩት» አልኩ። ጤነኛ ፓምፕ ቤንዚኑን ትፍ ትፍ እያደረገች ነው የምታወጣው። የዓሩሳ ግን እንደ ሽማግሌ ሽንት ጠብ ጠብ አለ። ያኔ ለቀልድ ያልኩት ነው፤ ዛሬ ዕድሜዬ ላይ ሆኜ ሳየው ምን ያህል ልክ እንደነበርኩ ገብቶኛል።

ከዚያ የዘይት መለኪያ ዘንጓን መዝዤ አሸተትኩ። ዘይቱ ከልኩ በላይ ከፍ ብሏል፤ ቀጥኗል፤ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ፓምፗን ከፍቼ ዲያፍራሙን ወደ ፀሐይ ባዞረው የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቀዳዳ ብርሃን አሳለፈችልኝ። ቤንዚኑ በእሷ በኩል ወደ ሞተሩ ሆድ እየወረደ ነበር። ጂንም ሙቀትም አይደለም፤ ዕድሜ ነው። ኡስታዝ ለኩርሙክ ነጋዴዎች አዲስ ፓምፕ እንዲያመጡለት መልእክት ላከ። ሁለት ሳምንት አሉ። የዚያ አገር ሁለት ሳምንት ወር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምንም አልነበረ። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ታናሽ እህቴ ዘይነባ ባምባሲ ለሚኖር የኦሮሞ ነጋዴ ልጅ ልትዳር ቀኑ ተቆርጦ ነበር። ከአርብ ሶላት በኋላ አባቴ ፊታቸው በርቶ ወደ ማንጎው መጡ። ኡስታዝ ሐሚድ ከመስጊዱ በር ላይ በሰው ፊት እጃቸውን ይዞ «ሙሽራው በዓሩሳ ይሄዳል፤ እኔ ራሴ ይነዳል» ብሏቸዋል። ዘይነባን ማለቱ ነው፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይለትም ነበር። «ገባህ ወይ ልጄ?» አሉኝ አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የእሱ መኪና ልጃችንን ከጫነች ማን ነው ከእንግዲህ ቤታችንን የሚነካ? ባምባሲ ድረስ ያየናል እኮ ሰው።» መኪናዋ አልዳነችም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ዐይናቸውን አየሁና መልሼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ኡስታዝን ልለምን ሄድኩ። ያን ጊዜ ፓምፑ የሞተበት ሁሉ የሚያደርገው ዘዴ አለ፦ ጀሪካን ከኮፈኑ ላይ ታስራለህ፣ ቱቦ ወደ ካርቡራተሩ ታወርዳለህ፣ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል። መልከ ጥፉ ቢሆንም ይሠራል። እሱን አቀረብኩ። ኡስታዝ ሳቀብኝ። «ዓሩሳ ላይ ጀሪካን? ሰው ምን ይላል? ሐሙስ ይሄዳል። አንተ መካኒክ አይደለም?» አለ። የመጨረሻዋን ቃል ሲናገር አልተቆጣም፤ እኔ ግን የሰማሁት «እናያለን» ብሎ ዝም ያለ ዕለት የነበረውን ድምፅ ነው። «ይደርሳል ኡስታዝ» አልኩት።

ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ ነገሩ። ረቡዕ ከሰዓት ፓምፗን ጨርቅ ላይ ዘርግቼ፣ ከቤታችን ደጃፍ ተቀምጬ፣ ከብስክሌት ካላማዳሪያ፣ ከውስጠኛው ጎማ ማለቴ ነው፣ በመቀስ ክብ ዲያፍራም ቆረጥኩ። ይህን ሳደርግ ምን እያደረግሁ እንደነበር ጠንቅቄ አውቃለሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ቶሌራ የሚባሉ የወለጋ ሰው ናቸው፤ በሠፈራው የትራክተር ጣቢያ ሳለን፣ ቅባት በነካው ጣታቸው ግንባሬን እየነኩ «ለቤንዚን ያልተሠራን ላስቲክ ቤንዚን ይበላዋል። ዛሬ ሠርቶ ያሳይሃል፤ ነገ አብጦ ያዋርድሃል» ይሉኝ ነበር። ነገ እስኪሆን ድረስ ባምባሲ እንደርሳለን ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ዘይነባ ከበሩ ማዶ ሂናዋ እስኪደርቅ ሁለት እጇን ወደ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሂናዋን የምታይ ነበር የመሰለኝ። አዲሱን ላስቲክ ገጠምኩ፣ ዘይቱን ቀየርኩ፣ አስነሣኋት። ቤንዚኑ ትፍ ትፍ እያለ ብርጭቆውን ሞላው። እንዲያ አምራ ስትሠራ አየሁና መፍቻዎቼን ሰብስቤ ሣጥኑን ዘጋሁ።

ሐሙስ ጠዋት ዘመዶቻችን በጭነት መኪና ቀድመው ሄዱ። የበርታ ጎረቤቶቻችን ዘይነባን ኹምራ ቀብተው፣ እልል እያሉ ከነመሸፈኛዋ አምጥተው ከዓሩሳ የኋላ ወንበር ከሣጥኗ አጠገብ አስቀመጧት። በእኛ ዘንድ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ወጥታ ከባሏ ቤት እስክትገባ ፊቷን አትገልጥም፣ አፏን አትከፍትም። መንገድ ላይ ድምፅ ያሰማች ሙሽራ ለገባችበት ቤት ገደ ቢስ ናት ይባላል። እኔ ከፊት፣ ከኡስታዝ ጎን ተቀመጥኩ። ወንድም ሙሽራ ይሸኛል፤ መካኒክም መኪናውን ይሸኛል፤ ሁለቱም እኔ ነበርኩ። ኡስታዝ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ካሴቱን ከፍቶ፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ ነዳ። በየሠፈሩ ሴቶች ወጥተው እልል ይላሉ፤ ሰዎች ከማንጎ ሥር ተነሥተው እጅ ይነሣሉ። አባቴ እንዳሉት ሰው ሁሉ አየን። እኔ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነው። አንድ ሰዓት፤ ደግሞ ሩብ ሰዓት፤ በልቤ ላስቲኩ ሲያብጥ ይታየኛል። ኡስታዝ ሲጋራ ሲያወጣ «ኡስታዝ፣ ለሙሽራዋ ጭስ አይስማማትም» አልኩት። «ማሌሽ፣ ረሳው» ብሎ ይቅርታ ጠይቆ መልሶ ከተተው። ላቤ በዚያ የፈረንጅ ኮት ውስጥ እስከ ወገቤ ወረደ።

ባምባሲ ለመድረስ አሥር ኪሎ ሜትር ግድም ሲቀረን አንድ ዳገት ነበረ። ግማሹን እንደወጣን ዓሩሳ አንድ ጊዜ ሳለች። ከዚያ ደገመች። ወዲያው ከኹምራው ሥር ሌላ ሽታ ብቅ አለ፤ ቤንዚን ነው፣ ጥሬ ቤንዚን። ኡስታዝ የዓሩሳን ትንፋሽ እያዳመጠ፣ ሰው ሲያስብ እንደሚያደርገው፣ ሳያውቀው ሲጋራ ከከንፈሩ አደረገና መለኮሻውን ከኪሱ አወጣ። አየሁት። አውራ ጣቱ የመለኮሻው መሽከርከሪያ ላይ ስታርፍ አየሁ። ተው ልለው አፌን ከፈትኩ። ወላሂ ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። በዚያች ቅጽበት በአእምሮዬ የመጣው እሳት አልነበረም፤ ቢጠይቀኝስ፣ ቢያውቅብኝስ፣ «እናያለን» ቢለኝስ የሚል ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

«አያ ሰይድ! ቤንዚን ነው! እሳቱን! እሳቱን ያዘው!»

ዘይነባ ናት። መሸፈኛዋን ከራሷ ላይ ጥላ፣ በሁለቱ ወንበሮች መሐል ወደ ፊት ተወርውራ፣ ሂና በተቀባ እጇ የኡስታዝን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች። መለኮሻው ከእግሩ ሥር ወደቀ። ኡስታዝ ፍሬን ረግጦ ሞተሩን አጠፋ። ዘልለን ወጣን፤ እሷን ሣጥኗን አስጥዬ እየጎተትኩ ከመንገዱ ማዶ አራቅኋት። ካሴቱ ግን መዝፈኑን አላቆመም። ባትሪው እየሠራ ነው ማለት ነው፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ተመልሼ ኮፈኑን ከፈትኩና የባትሪውን ሽቦ በባዶ እጄ መነጨቅሁት። ዘፈኑ ከመሐሉ ተቆረጠ። ላስቲኩ ከፓምፗ ጠርዝ አብጦ ወጥቶ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል፤ ቤንዚኑ በጎኑ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ የጋለው የጭስ ማውጫ ቱቦ አለ፤ ያረፈችበት ጠብታ ሁሉ ጭስ ሆና ትነሣለች። አፈር በእጃችን እየዘገንን ከሥሯ መሬት ላይ የተኛውን ቤንዚን ሸፈንን። ከጨረስን በኋላ ኡስታዝ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያ ስንቱን ያስፈራ ሰው አፈር የነካ እጁን በነጭ ልብሱ ይጠርግ ነበር።

«እኔ ጦርነት ብዙ አየ» አለኝ። «እንደዛሬ ፈርቶ አያውቅም።»

የአካባቢው ሰው ጩኸቷን ሰምቶ መጥቷል። ሙሽራ ፊቷን ገልጣ፣ ከመንገድ ዳር ቆማ፣ በባዶ እግሯ አዩዋት። እኔ ባለፈ የእህል መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ባምባሲ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር፦ ሙሽራዋ መንገድ ላይ ጮኸች። ለምን እንደጮኸች የሚጠይቅ አልነበረም። በቀጥታ ጋሽ ቶሌራ ዘንድ ሮጥኩ፤ ከሠፈራው ከወጡ በኋላ ባምባሲ ጋራዥ ነበራቸው። ቅባት የጠጣ ቆባቸውን አድርገው ከአንድ ሞተር ሥር ብቅ አሉ። «ያ ጉርባ፣ ማል ታቴ?» አሉኝ፤ አንተ ልጅ፣ ምን ሆንክ ማለታቸው ነው። ነገርኳቸው፤ ግማሹን ብቻ። ምንም ሳይሉ ከቆመ የውሃ መሳቢያ ሞተር ላይ የነበረች ፓምፕ ፈቱ፣ በቤተክርስቲያናቸው ፒካፕ ተሳፍረን ተመለስን።

ጋሽ ቶሌራ ሲሠሩ ማየት ፍርሃት ያበርዳል። መጀመሪያ ሞተሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ማንንም አላስነኩም። ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ በእንጨት ወተፉት። አሮጌዋን ፓምፕ ሁለት ብሎን ፈትተው አወረዷት። አዲሷን ጠጋ አድርገው ለኳትና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ክንዷ ረዘም ይላል፣ እንዲሁ ብትታሰር ሞተሩ ሲዞር ይሰብራታል። ከሳሙና ካርቶን ሦስት ጓርኒሲዮን ቆርጠው፣ ግራሶ ቀብተው፣ ደራርበው በፓምፗና በሞተሩ መሐል አስገቡ። ሞተሩን በእጅ አዙረው ክንዷ የሚያርፍበትን ቦታ አገኙ፣ ብሎኖቹን አንዴ ይቺን አንዴ ያቺን እያሉ አጠበቁ። ከዚያ ያን የድሮ ፈተና፤ ቱቦው በጠርሙስ አፍ፣ ኡስታዝ በቁልፉ። ትፍ ትፍ ትፍ። ጣታቸውን በፓምፗ ዙሪያ አዙረው አሸተቱ። ደረቅ ነው። ያን ጊዜ አሮጌዋን አንሥተው ያበጠውን ላስቲክ ከውስጧ መዘዙት። አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። ኡስታዝ ከኋላቸው መጥቶ «ይህ ምንድነው?» አለ። ጋሽ ቶሌራ ላስቲኩን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ያረጀ ዕቃ ነው ኡስታዝ። ዕድሜው አልቆ ነው» አሉ። በሕይወታቸው ሲዋሹ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ባምባሲ ስንገባ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሙሽራዋ ተመልሳ ተሸፍናለች፤ ግን ማን ይረሳዋል? የባሏ እናት በእልልታው መሐል ፊታቸውን አዙረው እንደነበር አየሁ። ነገሩ ዓመታት ተከተላት። ላም ስትሞት፣ በቆሎው ነቀዝ ሲያገኘው፣ የመጀመሪያ ልጇ በወባ ሲታመም፣ «መንገድ ላይ የጮኸች» ትባላለች። አንዲት ቃል ብናገር፣ «የጮኸችው በእኔ ጥፋት ነው» ብል፣ ያ ሁሉ ያቆም ነበር። አልተናገርኩም። ኡስታዝ ሐሚድ በዓመቱ እንደ ሌሎቹ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ የመሬታችንን ነገር ከዚያ ወዲያ አንሥቶትም አያውቅ። ጥሏት ስለሄደ ዓሩሳ ጎማዋ ተነቅሎ እማንጎው ሥር ዝጋ ስትቀር ዶሮዎች ፈለፈሉባት። የፈራሁት ሰው ሄደ፣ የፈራሁት ወረቀት አልመጣም። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር የመጣው ፍርሃት ሌላ ነው፣ እሱን ሌላ ሰው ይጻፈው። አባቴም ጋሽ ቶሌራም አልፈዋል። የላስቲኩን ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አረጀሁ።

ከባለሱቁ ደረጃ በተነሣሁ በሦስተኛው ቀን ባምባሲ ሄድኩ። ዛሬ አስፋልት ነው፤ ያን ዳገት ሳላውቀው አለፍኩት። ዘይነባ ከግቢዋ ከማንጎው ጥላ ሥር በርበሬ እያሰጣች አገኘኋት። ፀጉሯ እንደ እኔው ነጥቷል። ውሃ ሰጠችኝ፣ ተቀመጥኩ፣ ምንም እንዳይቀር ብዬ ከመጀመሪያው ነገርኳት፤ ቀዳዳዋን፣ ካላማዳሪያውን፣ የጋሽ ቶሌራን ምክር፣ አፌን ከፍቼ ድምፅ ያጣሁባትን ቅጽበት። እጇ ከበርበሬው ላይ አልተነሣም።

«አያ ሰይድ፣ ስትቆርጥ አይቼሃለሁ እኮ» አለች። «ሂናዬ እስኪደርቅ ደጃፍ ተቀምጬ የለ? መቀሱን ሁለት ጊዜ አስቀምጠህ ሁለት ጊዜ አነሣኸው። ይኸ ሰው ያላመነበትን ነገር እየሠራ ነው አልኩ።»

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማን እናገራለሁ? አባባ እንደዚያ ደስ ብሏቸው።»

«ታዲያ እያየሽ ለምን ገባሽ?»

በርበሬውን ትታ አየችኝ። «መጀመሪያስ ካስቀመጡኝም በኋላ እወርዳለሁ ብዬ ነበር፣ በልቤ። ኋላ በመሸፈኛዬ ውስጥ ሆኜ ሳይ፣ አንተ ከፊት ገብተህ በሩን ዘጋህ። ወንድሜ ከገባማ ምን አለ አልኩ። አብሽር፣ አልፏል እንግዲህ።»

በርበሬውን አብሬያት መገልበጥ ጀመርኩ። እኔ የገባሁት አልገባም ማለት ፈርቼ ነበር። ያንን እስካሁንም አልነገርኳት።